ስም ያልወጣለት በሽታ

ሕፃኑ ከተወለደ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ወላይታ ሶዶ ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ያቃስታል። አዋላጇ ነርስ ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የግራ ዓይኑን ሽፋን ፈልቀቅ አደረገች። ከትንሿ ቱቦ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቢጫ ቅባት ጨምቃ ከአፍንጫው ወገን ወደ ጆሮው ወገን አሰመረችለት። ቀጥላ ቀኙን። ልጁ ፊቱን አጨማድዶ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት አያቱ ቱቦዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። አንገታቸው ላይ በክር የታሰረች ወረንጦ ተንጠልጥላለች፤ ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ብሌናቸውን የሚወጋውን የዓይን ፀጉር የሚነቅሉባት ናት።

«ይቺን ቅባት አውቃታለሁ» አሉ። «የዓይን ማዝ መድኃኒት አይደለች እንዴ? ይሄ ልጅ ገና ዝንብ እንኳ አላረፈበት።»

«እሷው ናት እናቴ» አለች አዋላጇ። «የልጁ ግን ለሌላ ነው።»

ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። አራስ በተኛችበት ክፍል፣ ባልየው በር ላይ ቆሞ፣ አማት እየሰሙ የሚነገር ነገር አልነበረም። እኔም ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት እዚያች ያልተመለሰች ጥያቄ ላይ ቆሜ ነው። የአያትየውን ዓይን ያቆሰለው ተህዋሲና አዋላጇ ከልጁ ዓይን ልታርቀው የሞከረችው ተህዋሲ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው በወላይታ ገጠር እያንዳንዱ ቤት የሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ግን በአማርኛ ስም እንኳ አልወጣለትም።

የአባላዘር በሽታዎችን ስም እንቁጠር። ቂጥኝ አለ። ጨብጥ አለ። ከርክር አለ። ብሽሽት ላይ እንደ ዕንቁላል ለሚያብጠውም ባምቡሌ የሚል ስም አለው። ሕዝቡ ስም ያወጣው ለሚያየው ነው፤ ለቁስሉ፣ ለመግሉ፣ ለእብጠቱ። ስም ያልወጣለት ያ ሁለተኛው፣ ክላሚዲያ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። በበሽታው ከተያዙ ሴቶች ሰባት ስምንት እጁ፣ ከወንዶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ አንድም ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ። ስለዚህ አያት ለልጅ ልጇ የምታስተላልፈው ስም የለውም፤ ነርሷም ስትናገረው የምትጠራው ከውጭ በመጣው ስሙ ነው። የሚገርመው ይህ ነው፦ ለባምቡሌ መነሻ ከሚሆኑት አንዱ ራሱ የክላሚዲያ ዝርያ ነው። አካል ላይ ጎልቶ የታየው ዝርያ ስም አገኘ፤ ተደብቆ የሚኖረው፣ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው፣ ሳይሰየም ቀረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሰዎች መካከል 128.5 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ ሕመም ተከስቷል። በዚያው ዓመት ጨብጥ 82 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሁሉም ሰው ስሙን የሚያውቀው ጨብጥ፣ ስሙ ከማይታወቀው ክላሚዲያ በብዙ ያንሳል።

ተህዋሲው መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ የታየው ከዓይን በተፋቀ ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሉድቪግ ሃልበርሽቴተርና ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በጃቫ ደሴት የትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ ሕመምተኞችን ዓይን መርምረው፣ ሴሉ ውስጥ አንድ ጥግ ይዘው የተከማቹ ጥቃቅን ነጥቦችን አገኙ። ነጥቦቹ የሆነ ነገር የተከናነቡ መሰሏቸውና ስሙን ካባ ከሚለው የግሪክ ቃል ወሰዱት። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ያንኑ ዓይነት ነገር ሌሎች ሐኪሞች ዓይናቸው በሚመግል አራስ ልጆችና በእናቶቻቸው የማኅፀን በር ላይ አዩት። ያም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቫይረስ ነው ሲባል ኖሯል፤ ከሴል ውጭ ብቻውን መራባት ስለማይችል ነበር የተሳሳቱት። ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ በመሆኑም በተራ ክኒን ይድናል።

ሐኪሞች ዝርያዎቹን በላቲን ፊደል ይለዩዋቸዋል። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት ዓይን ላይ ይቀመጣሉ፤ በእጅ፣ በፎጣ፣ በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ይዞራሉ። የአያትየው የዓይን ማዝ ይህ ነው፤ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር አንዳች የሚያገናኘው የለም። ከዲ እስከ ኬ ያሉት በግንኙነት ይተላለፋሉ። ልጅ በሚወለድበት ሰዓት ደግሞ እናቱ ካለባት፣ በማኅፀን በር ሲያልፍ ዓይኑና ሳንባው ሊያዝ ይችላል። ዓይኑን የያዘው ጨብጥ ከሆነ በተወለደ በሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ዓይኑ በመግል ይሞላል፤ ፈጥኖ ካልታከመ ያሳውራል። የክላሚዲያው ቀስ ብሎ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ይመጣል፤ ያኔ እናትና ልጅ ቤታቸው ገብተዋል፣ ገንፎው ተበልቷል፣ ጠያቂው ተመላልሷል። አንዳንዱ ልጅ በወሩ በሁለት ወሩ ትኩሳት የሌለው፣ የማያቆም ሳል ይጀምረዋል። ሳንባ ምች ነው።

የአዋላጇ ቢጫ ቅባት ቴትራሳይክሊን ነው። ጨብጡን ለመከላከል ጥሩ ዘብ ነው፤ ለክላሚዲያ ግን ያን ያህል የሚታመን አይደለም። ልጅን በእርግጥ የሚያድነው እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስትታከም ነው። የእናት በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይቋጠራል።

ጠዋት ላይ የዚያው ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል አግዳሚው ሞልቶ ነበር። እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ክንዷ ላይ ትንሽ ጥጥ ይዛለች። ከደሟ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ይታያሉ። ክላሚዲያ ከደም አይታይም፤ ከሽንት ወይም ከማኅፀን በር በተወሰደ ናሙና፣ የተህዋሲውን ዘረ መል አባዝቶ በሚያሳይ መሣሪያ ነው የሚገኘው። ያን ምርመራ ጤና ጣቢያ ላይ ማግኘት አይታሰብም። የሚያስቆጨው ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ክላሚዲያንና ጨብጥን መለየት የሚችል መሆኑ ነው፤ የሚያስፈልገው ለዚያ የተሠራው ካርትሪጅ ብቻ ነው። መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ቆሟል፤ ጥያቄው አልቀረበለትም።

ስለዚህ በአገራችን የሚሠራበት የምልክት ሕክምና ነው። ወንድ ሽንቱ እያቃጠለው፣ ፈሳሽ እየወጣው ቢመጣ፣ ጨብጥ ነው ወይስ ክላሚዲያ እየተባለ ውጤት አይጠበቅም፤ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታከማል፤ ለጨብጡ መርፌ፣ ለክላሚዲያው ክኒን። ጥሩ ዘዴ ነው። ታማሚውን በመጣበት ቀን ያክመዋል፤ ውጤት ልውሰድ ብሎ ሄዶ በዚያው ከመቅረት ያድነዋል። ነገር ግን ምልክት ያለውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ለሴቶች ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ የሴት ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከፈንገስ ወይም ከሌላ መነሻ ስለሚመጣ ምልክቱን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ምልክት የሌላት ሴት ግን ጭራሽ በሩን አታንኳኳም።

እስክታንኳኳ ድረስ ምን ይሆናል? ይህን ለመረዳት ወደ አያትየው ወረንጦ እንመለስ።

የዓይን ማዝ በአንድ ጊዜ አያሳውርም። ልጅ ሆነው ያዛቸው፤ ዳነ፤ ደግሞ ያዛቸው። በያዛቸው ቁጥር የዓይናቸው ሽፋን ውስጠኛው ገጽ ይቆጣል፣ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ይሸመቅቃል። ዓመታት ሲደራረቡ የሽፋኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ፀጉሩ ብሌኑን መቧጨር ይጀምራል። ያኔ ወረንጦ ይታሰራል። የማኅፀን ቱቦ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቱቦው ከውስጥ በኩል እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ዕንቁላሏን የሚያሳልፉት ለስላሳ ፀጉር መሰል ነገሮችም አሉት። ክላሚዲያ ከማኅፀን በር ሽቅብ ወጥቶ እዚያ ሲደርስ ያቆጣዋል፤ ሲድን ጠባሳ ይቀራል። ሁለተኛ ሲያዝ ጠባሳው ይብሳል። የዓይኑን ሽፋን የሸመቀቀው ጠባሳ ቱቦውን ያጠበዋል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይደፍነዋል። ግማሽ መንገድ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ጽንሱ ተቀርቅሮ ሊያድግ ይሞክራል። ከማኅፀን ውጭ እርግዝና የሚባለው ነው፤ ቱቦው ሲፈነዳ ሆዷ ውስጥ ደም ይፈስሳል፤ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትሞታለች። ሁለቱም ቱቦዎች ከተዘጉ በተፈጥሮ መንገድ አትፀንስም።

ስለ መካንነት የሚወራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ የቀረባት ሴት ጠበል ትወሰዳለች፣ ሥር ይቀቀልላታል፣ አማቷ በስተጀርባ ሌላ ሚስት ታስባለች። ባልዋ አብሯት ይመርመር የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ጠባሳዋ ከዓመታት በፊት፣ ምንም ሳያማት የተሠራ ነው። ያኔ አንድ ሳምንት የሚወሰድ ክኒን ይበቃት ነበር። ይህን ሳስብ ያቃጥለኛል።

በዓይን በኩል ግን ወላይታ አንድ ትልቅ ነገር አይታለች። ኢትዮጵያ ከዓለም የትራኮማ ሸክም ከግማሽ በላይ የምትሸከም አገር ናት፤ በቀድሞው ደቡብ ክልል በተደረገው የቤት ለቤት ቅኝት አብዛኞቹ ወረዳዎች ከባድ ስርጭት ተገኝቶባቸዋል። የተመረጠው መፍትሔ የታመመውን እየለዩ ማከም አልነበረም። ቀበሌው በሙሉ በአንድ ሰሞን ዋጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁመት መለኪያ ዱላ ይዛ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ ሰው ሁሉ ከዱላው ጎን እየቆመ በቁመቱ ልክ አዚትሮማይሲን ይሰጠዋል፣ ፊቷ ይውጠዋል። ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ገና ስድስት ወር ላልሞላቸው ያቺው ቢጫ ቅባት። ያልታመመውም ይወስዳል። ለምን ቢባል፣ ከአንድ ቤት ልጅየውን ብቻ አክመህ እናቱን ብትተዋት፣ በሳምንቱ ከእናቱ ተመልሶ ይይዘዋል። ይህን ማንም ገበሬ ይረዳዋል፤ ከሁለት በሬ አንዱን መዥገር አጽድቶ ሌላውን የሚተው የለም።

ባልና ሚስትም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ፣ የዳነው ተመልሶ ይያዛል፤ በተያዘ ቁጥርም የቱቦው ጠባሳ ይጨምራል። አያትየው ከነልጆቻቸው ጥላ ሥር ተሰልፈው ሲውጡ ያላፈሩት፣ ሁሉም ስለዋጠ ነው። አልጋ ለሚጋሩ ሁለት ሰዎች ግን ይህች ቀላል ነገር ተራራ ትሆናለች። አንተም ውሰድ ማለት አንተ አመጣኸው ማለት ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ ያቺው አዋላጅ ክፍሏ ውስጥ አንዲት ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት የሚሆናት ሴት አስቀምጣ አነጋገረች፤ ሴቲቱ ፈቅዳልኝ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከእምብርቷ በታች ከታመመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጎረቤቷ ብርድ ነው ብላት ነበር። ባሏ አዲስ አበባ ነው፤ እንደ ብዙ የወላይታ ወጣት በሊስትሮነት ጀምሮ አሁን ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ በሆነበት ዞን ወጣቱ ወደ ከተማ፣ ወደ ስኳር አገዳ ልማት ይሄዳል፤ በመስከረም ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ይመለሳል።

አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰች፤ መረመረቻት። መርፌ አዘዘችላት፤ የሁለት ሳምንት ክኒንም። ማኅፀኗ ከላይ ስለተቆጣ ነው የሁለት ሳምንቱ፤ ገና ወደ ላይ ያልወጣ ክላሚዲያ ቢሆን ኖሮ ዶክሲሳይክሊን መቶ ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ይበቃ ነበር። ነፍሰ ጡር አለመሆኗን አረጋግጣ ነው የሰጠቻት፤ ለነፍሰ ጡር ዶክሲሳይክሊን አይሰጥም፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ግራም አዚትሮማይሲን ነው የሚታዘዘው።

«በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጪው፤ ውጠሽም ወዲያው አትተኚ፣ ጉሮሮሽን ያቃጥልሻል። ከወተት ጋር እንዳታደርጊው። በሦስተኛው ቀን ቢተውሽም እንዳታቋርጪ።»

«እሺ ሲስተር።»

«ባልሽም መውሰድ አለበት።»

ሴቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ብዙ ቆየች።

«ስልክ ላይ ምን ብዬ ነው የምነግረው? አንቺ ነሽ ቢለኝስ? እሱ ነው ብዬ ባስብስ?»

አዋላጇ ወንበሯን አስጠጋች። ያለችውን እንዳለችው እጽፈዋለሁ፤ ሰምቼው ከማውቀው የሕክምና ምክር ሁሉ ይበልጥብኛል። «ይሄ በሽታ ሳያሳይ ወራት፣ ዓመትም ሊቀመጥ ይችላል። ከመጋባታችሁ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ማን እንዳመጣው እኔ ላውቅ አልችልም፤ አንቺም አታውቂም፤ እሱም አያውቅም። ሐኪሟ አላውቅም ብላለች በይው። ይሄን መድኃኒት ሁለታችን ካልወሰድን ልጅ ያስቀርብናል ብላለች በይው።»

እውነቱም ይኸው ነው። ዛሬ የተገኘ ክላሚዲያ ትላንት የተፈጸመ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ይህን የማያውቁ ስንቶች ትዳር በትነዋል፣ ስንቶች ተደብድበዋል።

ባልየውም በበኩሉ አዲስ አበባ ላይ ቢያቃጥለው የሚያደርገውን መገመት አያስቸግርም። መድኃኒት ቤት ይገባል፤ ሰው እስኪወጣ መደርደሪያ ሲያይ ይቆያል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ ይጠይቃል፤ በኪሱ ልክ አራት አምስት ፍሬ ይገዛል። ማቃጠሉ ይተወዋል። ተህዋሲው ግን አልወጣም። ጨብጥ ከሆነ ይብሳል፤ የጨብጥ ተህዋሲ በዓለም ዙሪያ ሲፕሮን ከለመደ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው ሕክምናው ወደ መርፌ የዞረው። ግማሽ የተዋጠ መድኃኒት ምልክቱን ያጠፋና ሰውየውን ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ዘሩን የሚያመርቱት አካላት ሊያብጡበት፣ እሱም ራሱ ልጅ ሊያጣ ይችላል።

መከላከያው ብዙ አያስወራም። ኮንዶም በትክክል፣ በእያንዳንዱ ግንኙነት ከዋለ ክላሚዲያንም ጨብጥንም በእጅጉ ይከላከላል፤ ሕይወት ትረስት የተባለው ኮንዶም በየሱቁ አለ፣ ጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል። አዲስ ትዳር ለሚጀምሩ፣ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ሲሄዱ ስለ አባላዘርም ጠይቁ እላለሁ። ሽንት ካቃጠለ፣ በወር አበባ መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ከእምብርት በታች ካመመ፣ የዘር ፍሬ ካበጠ፣ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ጤና ጣቢያ። ከታከሙ በኋላ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው መገናኘት የለባቸውም። ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ የክትትል ክፍሉ ትልቁ ዕድል ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል አግኝተዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት ግን 43 ብቻ ናቸው፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣች እናት የምትጠየቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያች አንዲት ቀን ደግሞ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ይሆናል። ብቻዋን አግኝቶ ያማት እንደሆነ መጠየቅ ማሽን አይፈልግም፤ አሥር ደቂቃና የሚዘጋ በር ነው የሚፈልገው።

አዋላጇ ትንሽ መጥሪያ ወረቀት ጻፈች። የበሽታ ስም አልጻፈችበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው፣ ማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚረዳው።

«አዲስ አበባ ያለ ጤና ጣቢያ ይዞት ቢሄድ ይሰጡታል» አለቻት። «እዚያ እንዲታከም ንገሪው። ካልሆነለት ደግሞ ሲመጣ፣ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ መጀመሪያ እኔ ጋ። አብራችሁ።»

ሴቲቱ ወረቀቱን አራት አጥፋ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ከመስኮቱ ባሻገር ዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ ደመና ውስጥ ገብቷል። ከተነሣች በኋላ በሩ ላይ ቆም አለች።

«የሚመጣው ለጊፋታ ነው። ጊፋታ እሑድ ነው የሚውለው። እሑድ ዝግ አይደላችሁም?»

«ማዋለጃው አይዘጋም» አለቻት። «መጥተሽ እኔን ጥሪኝ።»